የቤቱ አፍንጫ

እትዬ ጠዋት ጠዋት የወይን ጠጅ ትሸት ነበር።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ «እትዬ» ስለሚላት እናቴም እትዬ አለቻት፣ ሠራተኞቹም እትዬ አሏት፣ እኔም አፌን ስፈታ እትዬ አልኩ። ግቢው በሙሉ ታናሿ ነበር። እናቴ ከእኔ በኋላ በላይ በላዩ ስለወለደች፣ እኔ ጡት እንደተውኩ ወደ እትዬ አልጋ ተሻገርኩና እዚያው ቀረሁ። ጎህ ሲቀድ ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ሲነሳ ይሰማኛል። በሩ ሲጥ ይላል። እኔ እሷ ወደ ለቀቀችው ሙቀት ተንከባልዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መመለሷን እጠብቃለሁ። ስትመለስ እጇ በረዶ ነው። ትንፋሿ ግን ወይን ጠጅ፣ ወይን ጠጅ ይላል።

«የት ሄደሽ ነበር?»

«ዶሮዎቹን ላይ።»

«ዶሮዎቹ ወይን ጠጅ ይጠጣሉ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ተኚ፣ አንቺ መርማሪ!» ትለኝና ቀዝቃዛ እግሯን እግሬ ላይ ትለጥፈዋለች። እጮሃለሁ። ብርድ ልብሱን እስከ ጭንቅላታችን ስበን እንስቃለን።

እኔም ዶሮዎቻችን ይጠጣሉ ብዬ ለብዙ ጊዜ አምኜ ኖሬአለሁ። አውራው ዶሮ አንድ እግሩን ያመው ስለነበር ሲሄድ ይንገዳገዳል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ቤታችን የወይን ጠጅ መጥመቂያ ነበር። «ነበር» ማለት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። አሁን ምድር ቤቱ የሰው ዕቃ ማከማቻ ሆኗል፤ ወይኑም ተነቅሎ ሌሎች ሰዎች ቤት ሠርተውበታል። ያን ጊዜ ግን ከጓሮው በር እስከ ጉብታው ጫፍ ድረስ በሽቦ ላይ የተዘረጋ ወይን ነበር። ፍሬው በሚለቀምበት ሰሞን በግቢው ውስጥ የማይጣበቅ ነገር አልነበረም። የበሩ እጀታ ይጣበቃል፣ የአባቴ ጢም ይጣበቃል፣ የሕፃናቱ ጣት እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጭማቂው ምድር ቤት ወርዶ መፍላት ሲጀምር ደግሞ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ስለጥፍ ከሥር ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። ቤታችን ሆድ ያለው፣ ሆዱም የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።

የአያቴ አያት ናቸው አሉ፣ የወይን ቁርጥራጮችን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በጀርባቸው ተሸክመው ወደዚያ ቦታ የመጡት። «ወይኑን ተሸክሞ ሚስቱን በእግሯ አስኬዳት» እያሉ የቤቱ ሴቶች ሁልጊዜ ይስቁባቸዋል። መጀመሪያ የቆፈሩትም ምድር ቤቱን ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ባልና ሚስት ከበርሜል ጋር እዚያ ተኝተው ከረሙ፤ ለሰው የሚሆነው ቤት የተሠራው በዓመቱ ነው። የእሳቸውም፣ የልጃቸውም፣ የልጅ ልጃቸውም ምስል ሳሎን ተሰቅሎ ነበር። ሦስቱም ትልልቅ አፍንጫ አላቸው። እኔ የራሴን በማንኪያ ጀርባ እያየሁ፣ ማንኪያው ሲያሳብጠው ደስ ይለኝ ነበር። ምክንያቱም በዚያ ቤት ትልቁ ሹመት «የቤቱ አፍንጫ» መባል ነበር።

ሹመቱ እንዲህ ነው። በዓመት አንድ ቀን በርሜሎቹ የሚከፈቱበት ቀን አለ። ነጋዴዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። የቤቱ አፍንጫ ከበርሜል በርሜል እየሄደ፣ በትንሽ ብርጭቆ እየተቀዳለት፣ ያሸትታል፣ ይቀምሳል። ከዚያ ከሦስት ቃል አንዱን ይናገራል። «ደርሷል» ካለ ይሸጣል። «ይቆይ» ካለ ይቆያል። «ይውጣ» ካለ ይደፋል። ነጋዴዎቹ ራሳቸው ቀምሰው አያውቁም፤ በቃሉ ይገዛሉ፤ ብርጭቆ የሚያነሱት ከገዙ በኋላ ለደስታ ነው። ቃሉን የሚመልስ፣ «እንዴት?» የሚል ሰው አልነበረም። የቤታችን ክብር ይኸው ነበር።

በእኔ ልጅነት የቤቱ አፍንጫ አያቴ ነበሩ፤ አባባ። ከፊት ከፊታቸው ደግሞ ፋኖስ ይዛ የምትሄደው እትዬ ነበረች። ወይን ጠጅ ሲፈላ የሚተፋው አየር መጥፎ ነው፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቅና ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሻማ የበራበት ፋኖስ የያዘ ሰው ይቀድማል። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያደረገ ነበልባሉን ያያል፤ ነበልባሉ ከደከመ ሁሉም ሮጦ ይወጣል። ይህን በየመጥመቂያው ሁሉ ያደርጉታል።

አንድ ክረምት አባባ ከምድር ቤቱ ደረጃ ወደቁ። ማጅራታቸውን ተመተው ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪም መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። «እንኳን ተረፉ» ተባለ። ሲነሱ ግን ሰውዬው ዝምተኛ ሆነው ነበር። ገበታ ላይ ሳህናቸውን እንደ እንግዳ ሰው ያዩታል። ጨው ይጨምራሉ፣ ይቀምሳሉ፣ አሁንም ይጨምራሉ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ድስት ጥዳ ረሳች። ቤቱ ባይጨስም የተቃጠለው ሽታ እስከ ግቢው በር ደረሰ። አባቴ ከጓሮ ሮጦ መጣ፣ እናቴ ጮኸች፣ ሠራተኞቹ ውኃ ይዘው ተረባረቡ። አባባ ብቻ ከማድ ቤቱ ጎን ካለው ወንበር ላይ ንቅንቅ አላሉም።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ፣ ግራ ተጋብተው።

እኔ በአያቴ ኮራሁ። ዓለም ቢቃጠል የማይደነግጥ ጀግና መሰሉኝ። እትዬ ግን ከበሩ ቆማ ድስቱን ሳይሆን እሳቸውን ታይ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ስለ ድስቱ ያዘነች መስሎኝ «ሌላ እንገዛለን» ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ።

እትዬ «ዶሮዎቹን ማየት» የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያገናኘሁት ግን ራሴ እናት ከሆንኩ፣ ስለ ልጆቼ ጤና በየሽታው መደንገጥ ከለመድኩ በኋላ ነው።

እናቴ ምላሷ ስለት ነበር። አንድ ቀን ልብስ አጣቢዋን እንዲህ ስትላት ሰማሁ። «እትዬ ዛሬም ተሳልማ መጣች። ትንፋሿ እኔን አስከረኝ!»

«እረ ተይ እሜቴ፣ ሰው ይሰማል» አለች አጣቢዋ።

«ይስማ! ያላገባች ሴት ምን ታድርግ? በርሜል አቅፋ ትደር እንጂ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የዶሮዎቹ ነገር በዚያች ቅጽበት አበቃ። እትዬ ሰካራም ናት ማለት ነው። በቤታችን ደግሞ ከበርሜል ሰርቆ የጠጣ ሰው በዚያው ቀን ዕቃውን ይዞ ይወጣል። አንድ በጣም የሚወደኝ የሠራተኞች አለቃ፣ ፈረስ የሚያስጋልበኝ፣ እንዲሁ ሲባረር አይቻለሁ። አባባ በዚህ ነገር ምሕረት አያውቁም።

ስለዚህ እትዬን ላድናት ተነሳሁ። ከእናቴ ጓዳ ቅርንፉድ በጡጫዬ ሙሉ ይዤ ወሰድኩላት።

«አኝኪው።»

«ለምኑ?»

«አፍሽ እንዳይሸት።»

እትዬ እጄን ያዘች። ከዚያ ጡጫዬን ፈልቅቃ ቅርንፉዱን አንድ በአንድ ለቅማ በመስኮት ወረወረችው። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ አፌን ድራሹን ነው የሚያጠፋው» አለችኝ። እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ አሸተተችው፤ እንደገና ታጠበች። ነገሩ ገረመኝ። ሽንኩርት ትታለች፣ በርበሬ ትታለች፣ ሽታ ያለው ሳሙና እንኳ አታስነካኝም። ስካር እንዲህ ሰውን ምግብ የሚያስጠላ በሽታ ነው ብዬ አለቀስኩላት።

በዚያ ዓመት በርሜሎቹ ሲከፈቱ ምድር ቤት እንድገባ ተፈቀደልኝ። ከእትዬ ጀርባ ቀሚሷን ይዤ ነበር። በርሜሎቹ ላይ በኖራ የተጻፈ አለ፤ እኔ ማንበብ አልችልም፤ እስከ ትልቅነቴም አልቻልኩም። ያየሁት የእትዬን ክንድ ነው። አንዱ በርሜል ጋ ስንደርስ ፋኖሱ ደረቷ ላይ ነው። ሌላው ጋ ትከሻዋ ላይ ይወጣል። ሌላው ጋ ደግሞ ጉልበቷ ድረስ ዝቅ ይላል። እጇ የደከመ መሰለኝ።

«እትዬ፣ እኔ ልያዝልሽ?» ብዬ ፋኖሱን ጨበጥኩት።

«ልቀቂ!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ነጋዴዎቹ ዞር አሉ። አባባ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ። ከንፈሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እትዬ በነፃ እጇ ጭንቅላቴን ወደ ጎኗ ሳብ አደረገች፤ ልቧ እንደ ዶሮ ልብ ይመታ ነበር። ፋኖሱን ትከሻዋ ላይ ስታወጣው «ይቆይ» አሉ አባባ በመጨረሻ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

አሁን አንድ ሰው ቀርቶኛል፤ በርሜል ሠሪው። መዶሻው ነበር የምንለው፤ ሳያንኳኳ የሚውልበት ቀን አልነበረውማ። የበርሜሎቹን የብረት ቀለበት ሊያጠብቅ በየጊዜው ይመጣል። ምንም የማያፈስ በርሜል እንኳ ቢሆን ያገላብጠዋል፣ ጆሮውን ይለጥፍበታል፣ ያንኳኳዋል። አባባ ከወንበራቸው ሆነው ይቀልዱበታል።

«አንተ ሰው፣ የሚያፈሰው በርሜሉ ነው ወይስ ልብህ?»

«ሁለቱም እድሳት ይፈልጋሉ፣ አባቴ።»

«በርሜሉን በነፃ አድስልኝ፤ ልብህን የምታድስልህን እኔ እለምንልሃለሁ።»

እትዬ ይህን ስትሰማ ጎንበስ ብላ የሌለ ነገር ከመሬት ታነሳለች። እኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ በርሜል ውስጥ ተደብቄ ስጫወት ሁለቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በርሜሉ ውስጥ ድምፅ ሁሉ ትልቅ ነው።

«መቼ ነው የምትተዪው?» አላት መዶሻው።

«መተው አልችልም አልኩህ።»

«ዕድሜሽን በላው እኮ! ሰውም በክፉ እያነሳሽ ነው። ይቺ የወንድምሽ ሚስት የምታወራውን ብትሰሚ...»

«ሰምቻለሁ። ታውራ።»

«እኔስ? እኔ እስከ መቼ በርሜል ሳንኳኳ ልኑር?»

እትዬ እንዲህ አለች፣ በማላውቀው ድምፅ። «ሌላ ፈልግ። እኔ ከዚያ ምድር ቤት የምወጣ ሰው አይደለሁም።»

እኔ በርሜሉ ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ አሰብኩ። ይህን ያህል ጥሩ ሰው ቆሞ እየለመናት መጠጡን መተው ያቃታት እትዬ መዳኛ የላትም። ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ልይዛት ሞከርኩ። የሌሊት ልብሷን ጫፍ ከጣቴ ጋር አስሬ ተኛሁ። ፈታችው። እንደነቃሁ ስታውቅ ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች።

የሚቀጥለው ዓመት መክፈቻ ደረሰ። ነጋዴዎቹ መጡ፤ ከእነሱ መካከል ጉንጬ የምንለው፣ ጉንጩ ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ሁሉም የሚጠብቁት ጥግ ያለውን ትልቁን በርሜል ነው። አባባ ትንንሾቹን አለፉ። ደርሷል፤ ደርሷል፤ ይቆይ። ከዚያ ትልቁ ጋ ደረስን።

ፋኖሱ ዝቅ አለ። እስከ እትዬ ጉልበት። እዚያ ቆመ።

ለአባባ ተቀዳላቸው። አሸተቱ። አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት። ከዚያ ፋኖሱን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ከፋኖሱ ወደ እትዬ ፊት ቀና አሉ። አባባን እንዲህ ሰው ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም።

«ደርሷል» አሉ።

«አባባ...» አለች እትዬ፣ በትንፋሿ።

«ደርሷል አልኩ። ቅዱላቸው!»

ተቀዳ። ጉንጬ ለምርቃት ብርጭቆውን ከፍ አደረገ፣ ጠጣ፤ በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ላይ ተፋው። «ምን ጉድ ነው! የሻገተ ጆንያ የታጠበበት ነው እንዴ?» ሌላው አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ሌላው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አፈረበት። እኔ በነዚያ ባለጌዎች ተናደድኩ። አባባ ግን የራሳቸውን ብርጭቆ እስከ አተላው ጨለጡት። ፊታቸው ላይ አንድ ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔን አልሸተተኝም» አሉ። «እንግዲህ የዚህ ቤት አፍንጫ ሞቷል ማለት ነው። ከዛሬ ወዲያ እየቀመሳችሁ ግዙ።»

አባባ ወደ እትዬ ዞሩ። «አንቺ፣ ፋኖሱን አስቀምጪ።»

«አባባ፣ በእግዜር...»

«አስቀምጪ! ከእንግዲህ እዚህ ምድር ቤት ሥራ የለሽም። ሂጂ!»

እትዬ ፋኖሱን ወለሉ ላይ አኖረችው። በደረጃው ስትወጣ እንደ ዕውር ግድግዳውን ትዳብስ ነበር።

የልጅ ጭንቅላቴ ነገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገጣጠመው። እትዬ ከትልቁ በርሜል ስትጠጣ ኖራ፣ የጎደለውን በቆሻሻ ውኃ ሞልታዋለች። አባባ ይህን አውቀዋል። በሰው ፊት ላለማዋረድ ጥፋቱን በራሳቸው አፍንጫ አሳበቡ፤ እሷን ግን አባረሯት። የፈራሁት ደረሰ።

ብዙም ሳይቆይ የመዶሻው የጭነት መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። እትዬ አንድ ሻንጣና አንድ በአንሶላ የታሰረ ዕቃ ነበራት። እናቴ፣ ያቺ ምላሰ ስለት፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ የመኪናውን በር ይዤ አልለቅም አልኩ። አባቴ ጣቴን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ እትዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር። አባባ ከጓሮ፣ ወይኑ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቅርንጫፍ ይቆርጡ ነበር። አልዞሩም። ያን ጀርባ ለብዙ ዓመታት ጠላሁት። ሲሞቱ እንኳ ከለቅሶዬ ውስጥ ትንሽ ቂም ነበረበት።

የቤታችን ስም ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ነጋዴዎቹ መጡ፣ ግን እየቀመሱ ገዙ፤ የሚቀምስ ሰው ደግሞ እንከን አያጣም። አባቴ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ነው፤ አፍንጫም ምላስም አልነበረውም። ዓመት በዓመት በርሜሎቹ እየቀነሱ ሄዱ። እኔም ተማሪ ቤት ሳልገባ የሰው ቤት ሥራ ገባሁ።

እውነቱን የሰማሁት በቅርቡ ነው። ልጄ ለትምህርት ርቃ ልትሄድ ሆነ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ትበላለች፣ ማን ያያታል፣ ብትታመምስ? «እትዬ ትምከርልኝ፣ እሷን ትሰማለች» ብዬ ሄድኩ። እትዬ አርጅታለች። መዶሻው ከበራፍ ተቀምጦ ያንኳኳል፤ አሁን የልጅ ልጆቹን ወንበር ነው የሚጠግነው።

እትዬ ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ «አንቺ ከልጅነትሽ ፈሪ ነሽ» አለችኝ። «ቅርንፉድ ያመጣሽልኝ ቀን ትዝ ይለኛል።»

«እንዳያባርሩሽ ብዬ ነበር። ለመሆኑ እትዬ፣ ስትባረሪ አልተቀየምሻቸውም?»

«ማን ተባረረ?»

ነገረችኝ። አባባ ከወደቁ ቀን ጀምሮ አፍንጫቸው ጠፍቶ ነበር። ኮምጣጤ ቢሆን ምላሳቸው ይነግራቸዋል፤ ሻጋታ ግን የአፍንጫ ነው፤ የወይን ጠጅ ነፍሱም የአፍንጫ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ሴት ቀምሳ «ደርሷል» ብትል አምኖ የሚገዛ ነጋዴ አልነበረም። ስለዚህ እትዬ ጎህ ሲቀድ ወርዳ ትቀምስ ነበር፤ በርሜል በርሜሉን፣ ጠዋት ጠዋት፣ እየተፋች። መክፈቻ ቀን በፋኖሱ ትነግራቸዋለች። ደረት ከሆነ ደርሷል። ትከሻ ከሆነ ይቆይ። ጉልበት ከሆነ ይውጣ።

«ስንት ጊዜ ‹አግቢ፣ ሂጂ› ብለውኛል መሰለሽ! ‹ስምዎስ?› እላቸዋለሁ። ‹ስምዎን አፈር አብልቼ የት እሄዳለሁ?› እምቢ አልኳቸው። ያን ቀን ፋኖሱን አላዩትም ብለሽ ነው? አይተውታል። አየሁ ብለው በዓይናቸው ነገሩኝ። አይተውት ነው ‹ደርሷል› ያሉት።» ወደ መዶሻው አየች። «እኔን ያሰረኝ ስማቸው ነበር፤ በሰው ፊት ገደሉልኝ።»

«ስትሄጂ ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩሽም።»

«ቢዞሩ ኖሮ ከመኪናው እወርድ ነበራ።»

ልጄ ሄዳለች። ደህና ናት ትለኛለች። እኔ አሁንም ክፍሏ ገብቼ ምንም ሳልነካ ቆሜ እወጣለሁ።

ለእትዬ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። እሷ በሄደች ማግስት ነው፤ አልጋችን ላይ ተቀምጬ ነበር። አባባ ገቡ። ወደዚያ ክፍል ሲገቡ አይቼ አላውቅም። አጠገቤ ተቀመጡና ዙሪያውን አዩ። ከትራሱ ሥር የእትዬ አሮጌ ሻሽ ወጣ ብሎ ነበር፤ ረስታው ይሁን ትታልኝ አላውቅም። አባባ አነሱት። ፊታቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ላባቸውን የሚጠርጉ መሰለኝ። ከዚያ ሻሹን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ምን ይሸታል?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ፤ ተቀይሜያቸው ነበር።

«ደህና አድርገሽ አሽትቺ፣ እናቴ።»

እንደ ሠራተኛ የሚፈትኑኝ መሰለኝ። እንዳልወድቅ ፈራሁ። ሻሹን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት።

«ሻማ» አልኩ።

«እሺ።»

«እርጥብ እንጨት።»

«እሺ።»

«ከዚያ ፀጉሯ።»

«ፀጉሯ ምን ምን ይላል?»

አሰብኩ። «ፀሐይ ላይ የዋለ ገለባ።»

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አፋቸው ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚያንከባልሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሚናገሩትን ቃል ጠበቅኩ።

«ሌላስ?» አሉኝ።

እንደገና አሸተትኩ።